ቻል አድርጊው

ትናንት ማታ ታናሽ እህቴ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ መጣች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት ያለው ብየዳ ቤት ግራይንደሩን አላቆመም፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«ፑት አፕ ዊዝ ማለት ምንድነው?» አለችኝ።

«መታገስ» አልኳት ቶሎ ብዬ። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ከአፌ እንደወጣ ግን ቅር አለኝ። ትዕግሥት እኛ ዘንድ ትልቅ ቃል ነው። መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው እንላለን። የታገሰ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለው። ፑት አፕ ዊዝ ውስጥ ፍሬ የለም። የማትወጂው ነገር አለ፣ አይለቅሽም፣ አብረሽው ትኖሪያለሽ። ጩኸት፣ ጭስ፣ የሰው ዓመል።

እህቴ ቃላቱን አንድ በአንድ ፈትታ ነበር የተናደደችው፦ ማስቀመጥ፣ ላይ፣ ጋር። እንዲያ ሲፈቱት ምንም አይሰጥም። ሦስቱ አይነጣጠሉም፤ ያስቸገረው ነገር ሁልጊዜ ከዊዝ በኋላ ይመጣል። ዊዝን አውጥቶ መሃል ላይ ሰው ቢያስገቡበት ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ «ፑት ሂም አፕ» ቤት አሳደረው ማለት ነው።

ይህን እያስረዳኋት እማዬ ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ገባች። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እኛ ጋ አይደርስም። 20 ሊትር፣ በደረጃ። የጀሪካኑ እጀታ መዳፏ ላይ ቀይ መስመር አውጥቷል። ስለ ግራይንደሩ ማማረር ስጀምር መዳፏን በነጠላዋ እያሸች፣ «ቻል አድርጊው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» አለች።

ቃሉ ይኸው ነበር። ቻል ማድረግ።

ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አደርኩ። እንግሊዝኛ ለአቅም ካን ይላል፣ አብሮ ለመኖር ደግሞ ፑት አፕ ዊዝ። እኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን። ድንጋይ ያነሳም ቻለ፣ የባሏን ዓመል ተሸክማ የኖረችም ቻለች። ያምራል። ግን ደግሞ ያሳዝነኛል። ቻለች ስንል አቅም ያላት ይመስለናል። የቻለን ሰው ደከመህ ወይ ብለን የማንጠይቀው ለዚህ ይመስለኛል። እኔም እማዬን ጠይቄያት አላውቅም።

እህቴ የቤት ሥራዋን ከመተኛቷ በፊት አሳየችኝ። «ማይ ማዘር ፑት አፕ ዊዝ ዘ ስቴርስ» ይላል። ፑት ላይ የጎደለችውን ኤስ ብቻ ጨመርኩላት። ከዚያ ታች የቀረውን ጀሪካን ላመጣ ወረድኩ።