ከኋላ ወንበር ሥር

ሰሞኑን ሆዴ ባር ባር ይለኛል። የደሴውን ተራራ ጦሳን ጉም ሸፍኖት መሰንበቱ ይሁን ወይስ የቮልሷ ነገር፣ ለይቼ አላውቅም።

የአባዬ ቮልስ ዘንድሮ ዓመታዊውን ምርመራ አላለፈችም፤ ቦሎ ተከለከለች። ዛሬ ጠዋት ታርጋዋን አስፈትቼ ከሊብሬዋ ጋር አስረከብኩ፤ ፋይሏም ተዘጋ።

መርማሪው ደግ ሰው ነው፤ ሁሉንም ነገር ጎንበስ ብዬ እንዳየው አደረገኝ። ፍሬኗ በአራቱም ጎማ እኩል አይዝም። ይህ ብቻ ቢሆን ሸራ በመቀየር ይስተካከል ነበር። ከዚያ የኋላውን መቀመጫ አነሳና ባትሪውን አወጣው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል። ለዓመታት የተንጠባጠበው አሲድና ከጎማ የሚረጨው ውሃ ላሜራውን ከላይም ከታችም በልተውታል። በካቻቢቴው ጫፍ ነካ ሲያደርገው እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። በቀዳዳው የግቢው ጠጠር ታየኝ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ሰው ማስቀመጥ አይቻልም» አለኝ።

ደላላው ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። ቦሎ የማይጠየቅበት የገጠር መንገድ ሞልቷል፣ ገዢም አለኝ አለ። የጠራው ዋጋ የሚናቅ አልነበረም። በአገራችን መኪና አርጅቶም አይረክስም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው መኪና እየተበየደ፣ እየተቀባ ይኖራል። መጠገንን እወዳለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚጎርፈው ሰውና ግመል ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ፍሬን የከዳትን መኪና እያወቅሁ በዚያ ሕዝብ መሐል መልቀቅ ነውር ነው። እምቢ አልኩ። ለአባዬ የድሮ መካኒክ በመለዋወጫነት ሰጠኋት። ሞተሯ ደህና ነው። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው በ1995 ነውና አሁን ደህና ሞተር የሚገኘው ከሌላ ቮልስ ላይ እየተፈታ ነው አሉኝ ጋሼ። አንድ ቦታ እየሠራች እንደምትኖር ሳስብ ደስ አለኝ።

አባዬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርድ ፍሬን የሚነካው ለቁም ነገር ብቻ ነበር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ግድም። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግልበትና በሚያስፈልገው ሰዓት መኪናው እሺ አይለውም። «በሁለተኛ ማርሽ ያዛት፤ ሞተሯ ራሷ ትይዝሃለች» ይለው ነበር ወንድሜን። ሽቅብ ስንመለስ ደግሞ ደስታው የእኛ የልጆቹ ነበር። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር እንጂ ውሃ አይደለም፤ ስለዚህ ራዲያተራቸው ፈልቶ ጥግ የቆሙትን መኪኖች እያለፍን፣ እጃችንን እያውለበለብን እንወጣ ነበር።

በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንሸሽም በሐረጎ ያወረደችን እሷ ናት። አባዬ ያኔ በሕይወት አልነበረም፤ የነዳት ወንድሜ ነው። እማዬ ፊት፣ እኔና ጎረቤታችን ከነልጆቿ ከኋላ፣ ፍራሽ ከጣሪያው ላይ። መንገዱ በእግረኛ ተሞልቶ ነበር። አንዱ ኩርባ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት በአንድ እጇ ጀበና ይዛ ሌላውን እጇን ዘረጋችልን። ከቤቷ ሁሉ ለምን ጀበና እንዳነሳች እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ ምናልባት ውጡ ሲባል እጇ ላይ የነበረው እሱ ይሆናል። ወንድሜ ዝግ አለ። እማዬ «ተጠጋጉላት እንጂ!» አለች። መጠጋጋት ስንጀምር ከሥራችን ላሜራው ሲጮህ ሰማሁ። ወንድሜም የሰማ ይመስለኛል። «ፍሬኑ አይችልም እማዬ፣ ሁላችንም ገደል እንገባለን» ብሎ አለፋት።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ሴት በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። እማዬ ብቻ ቡና በተፈላ ቁጥር ምርቃቷን ስታወርድ «መንገድ የቀረውን ሰብስብልን» የምትለውን አትዘልም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ምርቃቱ እዚያ ላይ ሲደርስ ስኒውን አስቀምጦ ይወጣል። ሁላችንም «አሜን» እንላለን፤ እሱ ግን በረንዳ ላይ ነው።

ይኸው አሁን የምርመራው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፍሬኑ አይመጣጠንም፣ ወለሉ ተበልቷል ይላል። ወንድሜ እውነቱን እንደነበር የሚመሰክር ወረቀት ነው፤ ያ ወለል በእርግጥም የሚታመን አልነበረም። ደግሞም አይመሰክርም፤ ቀዳዳው የዘንድሮ ነው፣ ያን ዓመት ምን ያህል እንደነበረ ማን ያውቃል? አንዲት ቀጭን ሴትና አንድ ሕፃን ይከብዱት ነበር? በኮምቦልቻ አቅጣጫ ስንት ሰው በእግሩ ደረሰ፤ እሷም ደርሳ ይሆናል። ልጇም አሁን ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ ነው።

ፎቶ አንሥቼ ልልክለት ስልኬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ብልክለት ዕፎይ ይላል? ወይስ እስከ ዛሬ በግድ የዘጋውን እኔ እከፍትበታለሁ? እማዬ ከጓዳ «ምን ሆና ነው የጣሏት?» ብላ ደጋግማ እየጠየቀችኝ ነው። ፍሬኗን ነግሬአታለሁ። የወለሉን ነገር ልንገራት?