ያልተወራለትን አልበም ፍለጋ

ዛሬ ሙዚቀኞች ሥራቸውን በሚሸጡበት ድረ ገጽ፣ ባንድካምፕ ላይ ስቆፍር ዋልኩ። የዘውግ ስም ጽፎ መፈለግ ብዙም አያዋጣም፤ ቀድሞ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የተሸጠው ነው። ይልቅ የምትወዱት አልበም ገጽ ላይ የገዢዎቹን ምስሎች እዩ። አንዱን ስትነኩ ስብስቡ ይከፈታል። ከእናንተ ጋር ሦስት አራት አልበም የሚጋራ ሰው ካገኛችሁ፣ የቀረውን ስብስቡን ሳትዘሉ ስሙት።

ከኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» አልበም ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን ተቀርጾ በካሴት ወጣ፤ ዓለም በሰፊው የሰማው ግን በ2013 እንደገና ሲታተም ነው። እንዴት ያለ ውብ ሥራ ነው!

በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት። ትንሿ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማታወጣ ቤዙ ይጠፋል፣ ሙዚቃውም የሳሳ ይመስላል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፤ ከገዛችሁት ደግሞ የድምፁን ጥራት በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በፍላክ (FLAC) አውርዱት።