ወንበሬ ወፍሮ ተመለሰ

ዋጋውን ስሰማ መቀመጥ አማረኝ። አጠገቤ የነበረው ግን ለጥገና የወሰድኩት ወንበር ብቻ ነው፤ እሱም መቀመጫ የለውም። «ለሁለቱም ነው አይደል?» አልኩት ባለሙያውን ፈራ ተባ እያልኩ። «ለአንዱ» አለኝ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ። ሁለቱንም ወንበሮች የገዛሁበት ገንዘብ የጠራውን ግማሽ አይሞላም።

ወንበሮቹን ላስተዋውቃችሁ። በ1950ዎቹ ከዴንማርክ በብዛት ይወጡ ከነበሩት ዓይነት ናቸው። የቲክ እንጨት፣ ሸንቀጥ ያለ እግር፣ ወደ ኋላ ጋደል ያለ መደገፊያ፣ ከላይ ሁለት ተነሺ ትራስ። ንድፍ አውጪያቸው እንደ ሐንስ ቬግነር ስሙ የገነነ አይደለም፤ ለዚህም ነው እኔ እጅ የገቡት። ግን ከመቀመጫው ሥር የፋብሪካው ማኅተም በጋለ ብረት ታትሞበታል። እንግዳ ሲመጣ ወደደም ጠላም ገልብጬ አሳየዋለሁ።

የሰበሩት አጎቴ ናቸው። «ጋሼ፣ እሱ ላይ ባይቀመጡ፣ አርጅቷል» አልኳቸው። «እኔስ አርጅቼ የለ?» ብለው ዘፍ አሉበት። ጠሽ አለ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ደግሞ ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽ፣ አንዱ ቀበቶ ሲበጠስ ሸክሙን ለጎረቤቱ እያስረከበ፣ ጋሼም ቀስ እያሉ እየሰመጡ፣ ጉልበታቸው ከፍ ከፍ ብሎ አገጫቸው ሥር ደረሰ። የሚገርመው ወሬያቸውን አላቋረጡም፤ የሚያወሩት ደግሞ ስለ ጉልበት ሕመማቸው ነበር። መጨረሻ ላይ ብቻ ከታች ቀና ብለው አዩኝና «ይሄ ወንበር ዝቅ ማድረጊያ አለው እንዴ?» አሉኝ። እኔና ባለቤቴ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን አወጣናቸው።

የዚያ ዘመን ወንበር ብዙው ከሥሩ ሞላ የለውም። በሞላ ፋንታ እንደ ቀበቶ የተቆረጠ ጎማ ነው ከዳር እስከ ዳር የሚወጠርበት። በመኪና ጎማ የምናውቀው ፒሬሊ ሳይቀር ለወንበር የሚሆን ቀበቶ ያመርት ነበር። እንጨቱ መቶ ዓመት ሊኖር ይችላል፣ ጎማው ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አንድ ጋሼ ይጠብቃል። ስፖንጁም ያው ነው። የትራሱን ዚፕ ስከፍተው ስፖንጅ የለም፤ ያለው ቢጫ ዱቄት ነው። ጨርቁ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ቅንድቤ ላይ ቦነነ። (እናንተ ስትከፍቱ ማስክ አድርጉ፣ የተረፈውንም ከቤት ውጭ አራግፉት።)

የታወቁትም ከዚህ አያመልጡም። አሜሪካውያኑ ንድፍ አውጪዎች ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 ያወጡት ያ ዝነኛ የቆዳ ወንበር መደገፊያው በማጣበቂያ የተያዙ የጎማ ቁራጮች ላይ ነው የሚቆመው። ጎማው ሲያረጅ ይላቀቅና ተደጋፊው ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል። ጋሼን እዚያ ላይ ሳስባቸው ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ያ ዋጋውን የከመረብኝ ባለሙያ፣ እውነት ለመናገር፣ አልዋሸም። «የምትከፍለኝ ለጨርቁ አይደለም» አለኝ። የድሮውን ሽቦና ሚስማር አንድ በአንድ እንጨቱን ሳይቀዱ መንቀል ብቻ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዴንማርኩ ንድፍ አውጪ የአርነ ያኮብሰን የ1958ቱ «እንቁላል» የሚባለው ወንበር ደግሞ አንድ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፤ ጨርቁ ጉብጉቡን ተከትሎ ተወጥሮ በእጅ ይሰፋል። የቬግነር እንደ «Y» ፊደል የተቀረጸ መደገፊያ ያለው ወንበር መቀመጫው 120 ሜትር ያህል ከወረቀት የተገመደ ገመድ ይበላል፣ ያውም በእጅ እየተጠለፈ። እሺ፣ ገባኝ። «የእኔው ግን ቀበቶና ሁለት ትራስ ነው፤ ታዲያ ለምን የእንቁላሉን ታስከፍለኛለህ?» አልኩት። «የምን እንቁላል?» አለኝ።

ፍለጋ ወጣሁ። አናጢው «ትራስ አልነካም» አለ። ልብስ ሰፊው «እንጨት አልነካም» አለ። የመኪና ወንበር የሚያለብሰው ሰው ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየውና «ቀበቶ ማሰሪያውስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ይቀልድ ይሁን የምሩን እስካሁን አልገባኝም። አንዷ ደግሞ ፎቶውን አይታ «ወንድሜ፣ ይሄን ጥለህ አዲስ ሶፋ ብትገዛ አይሻልህም?» አለችኝ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ከዚያ ሶፋ አዳሹ መጣ። ደስ የሚል ሰው ነው። ፈገግታው ሰፊ፣ ዋጋው ጠባብ። ፎቶ አሳየሁት፣ ለመንኩት፣ በወረቀት ሁሉ ጻፍኩለት። የትራሱ ውፍረት እንደ ድሮው ይሁን፣ እንጨቱን እንዳትነካው፣ ማኅተሙን አደራ። «አታስብ! ዓይንህ እስኪደነግጥ ነው የምሠራልህ» አለኝ። ቀብድ ሰጠሁት። እንደ ደንቡ «ነገ» አለ፣ ነገ ደግሞ «ነገ» አለ፣ ቆይቶ ቆይቶ አንድ ቀን ራሱ ደወለ። «ና፣ ሙሽራውን ውሰድ!»

ዓይኔ ደነገጠ፣ ቃሉን ጠብቋል። መዳፍ የማያህለው ትራስ እጥፍ ሆኖ የእጅ መደገፊያዎቹን ውጧቸዋል። መደገፊያው ላይ ክብ ክብ ቁልፍ ተተክሎበት እዚህም እዚያም ጎድጉዷል። ዙሪያውን ወርቅማ ጥብጣብ። እንጨቱ፣ ያ ደብዘዝ ብሎ የሚያምረው ቲክ፣ የራስህን ፊት እስክታይበት በቫርኒሽ ተለብጧል። «ቫርኒሹ ምርቃት ነው» አለኝ፣ ኩራቱ ከፊቱ ላይ እየፈሰሰ። ገለበጥኩት። በቀበቶው ፋንታ ወፍራም ኮምፔንሳቶ በሚስማር ተመቶበታል፣ ልክ በማኅተሙ ላይ። «ከእንግዲህ ዝሆን አይሰብረው!» ተቀመጥኩበት። እግሬ መሬት አልደረሰም።

ምን ትላላችሁ? ሰውየው እኮ ከተስማማነው በላይ ስፖንጅ፣ በላይ ጨርቅ፣ በላይ ድካም አፍስሷል። በሰው ደስታ ላይ ውሃ መቸለስ አልሆነልኝም። ቀሪውን ከፍዬ ይዤው ወጣሁ፤ በሩ አላስወጣ ብሎን ደግሞ በጎኑ አዘንብለነው ነው የወጣው። ቤት ስደርስ ጋሼ ነበሩ። ወጡበት፣ ተደላደሉ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሁን ገና ወንበር ሆነ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ሌላ ቦታ አይቀመጡም።

ሁለተኛውን ወንበር ለማንም አልሰጠሁም። ሥራውን ቆራርጬ አከፋፈልኩት፤ ርካሹ መንገድ ለካ ይሄ ነው። ማፍረሱ፣ ብዙ ሰዓት የሚበላው እሱ፣ ለእኔ። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ እያንዳንዷን ሽቦ አወጣሁ። ከማፍረሴ በፊት ሁሉንም ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ፤ የትራሱንም ልብስ አልጣልኩም፣ ስፌቱን ፈትቼ ለአዲሱ መቁረጫ ልክ አደረግኩት። የጎማ ቀበቶው በሜትር ይሸጣል። ጫና ሳይበዛበት፣ ከርዝመቱ አሥር በመቶ ያህል ሳብ አድርጎ መምታት ነው። ለመናገር ይቀላል። አንዱን በፒንሳ ይዤ ስጎትት አመለጠኝና ተመልሶ ከንፈሬን አላሰኝ። በግማሽ አፍ እያወራሁ ሰነበትኩ። ጋሼ ከዙፋናቸው ላይ ሆነው «ወንበሩ መታህ?» አሉኝ። አዎ፣ ወንበሩ መታኝ።

ስፖንጁን ሻጩ ራሱ በልኩ ቆረጠልኝ፤ ጠንከር ያለውን መውሰድ ነው፣ ለስላሳው ቶሎ ይተኛል። በላዩ ላይ ስስ የፖሊስተር ጥጥ ሲጠቀለልበት ጠርዙ ሹል አይሆንም። ጨርቅ ላይ ግን ልቤ ሃሊንግዳል 65 ላይ ነበር፤ ናና ዲትሰል በ1965 የነደፈችው፣ 70 በመቶ ሱፍ፣ 30 በመቶ ቪስኮስ፣ ማለቂያ የለውም ይባልለታል። ዋጋውም ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ቁራጭ ፍለጋ ሄድኩ። ለሁለት ትናንሽ ትራሶች የጥቅል መጨረሻ ይበቃል፣ የጥቅል መጨረሻ ደግሞ ሻጩም እንዲወጣለት የሚፈልገው ነገር ነው። ማርቲንዴል የሚባል የመፋተግ ፈተና አለ፤ ጨርቁ ሳያልቅ የቻለው የፍትጊያ ቁጥር 25,000 አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቤት ወንበር አያሳፍርም። መስመርና አበባ ያለበትን ተዉት፣ መስመሩን ለማገጣጠም ሲባል ብቻ ተጨማሪ ጨርቅ ይበላል።

ልብሱን የሰፉልኝ የሠርግ ልብስ የሚሰፉ እናት ናቸው። «እትዬ፣ ትራስ ነው» አልኳቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወገቡ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጻፉት። ሲጨርሱ ዚፑ እንኳን አይታይም ነበር፣ ማዕዘኑ ላይ አንዲት እጥፋት የለችም። ከሁሉም ርካሹ የእሳቸው ሆነ። የሠርግ ልብስ ሰፊ ያላችሁ ሰዎች፣ ተንከባከቧቸው።

እንጨቱን በለስላሳ ሳሙና አጥቤ፣ ሲደርቅ የቲክ ዘይት ቀባሁት፣ አለቀ። ብርጭቆ ወረቀት ይዛችሁ አትፋጁ፤ የዚያ ዘመን ዕቃ ብዙ ቦታ ላይ ከላይ የተለበጠው ስስ እንጨት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ሁለት ሦስቴ ስትፈጉት ከሥር ያለው ብቅ ይላል። ዘይት የጠጣውን ጨርቅም ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ፣ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።

አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ከስብ ብዛት የሚተነፍስ የሚመስል። የወፈረውን ላፈርሰው ፒንሳዬን ባነሳሁ ቁጥር ጋሼ ይደርሳሉ።

ሰሞኑን ሶፋ አዳሹ ደወለልኝ። የሠራልኝን ወንበር ፎቶ ያየ አንድ ሰው «ልክ እንደዚህ» ብሎ ስድስት አዞታል። «ብቻ ሰው ልዩነቱን እንዲያይ የድሮ መልኩን ፎቶ ላክልኝ» አለኝ። አጋጣሚው አማረኝና የሁለተኛውን፣ የጨረስኩትን፣ አዲስ ጨርቅ የለበሰውን፣ በዘይት የሚያበራውን ላኩለት። ይየው ብዬ።

ወዲያው መለሰልኝ። «ውይ ወንድሜ፣ ይሄኛው ሳይታደስ ቀረ እንዴ? አምጣው፣ እቀንስልሃለሁ።»