ቀይዋን ብልጭታ ስንቆጥር

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ መወሰኑ ሲነገር ልጄ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ቦርሳዋን ከበሩ ጀርባ ሰቅላ «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው አይደል፣ እማዬ?» አለችኝ። ሁለቱ ሳምንታት ወራት ሆኑ፤ ክረምቱም በላያቸው መጣ፤ ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር።

በእነዚያ ወራት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ እኛም እዚህ ጅማ ቤታችን ተቀምጠን በትጋት እንከታተል ነበር። ይሁን እንጂ ሬዲዮ ይናገራል እንጂ መልስ አይቀበልም። ልጄ ያጣችው መልሱ እዚያው ቤታችን ውስጥ የሚገኝ ጥያቄ የሚሰጣትና በማግስቱ «ምን አገኘሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ነበር። ያን ያደረጉላት የኤሌክትሪክ ቆጣሪ በማንበብ ሥራ የሚተዳደሩ ጎረቤታችን ናቸው።

አንድ ቀን በአፍና አፍንጫ መሸፈኛቸው በራችን ላይ ቆመው ሳለ «ጋሼ፣ ይህቺ የቆጣሪው ቀይ መብራት ለምን ብልጭ ድርግም ትላለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። ማብራሪያ አልሰጧትም። «እናትሽ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ በደንብ ሳይግል ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪያትና ነገ ትነግሪኛለሽ። ቆጣሪውን ግን በዓይንሽ እንጂ በእጅሽ አትንኪውም፤ ገመዱንም እንዲሁ» አሏት። ይህን ማስጠንቀቂያ ከሁሉ አስቀድመው መናገራቸውን ዛሬም አመሰግናለሁ፤ ልጅ ኤሌክትሪክን እንዲያውቅ ስንፈቅድ ርቀቱንም አብረን ማስተማር አለብንና።

ልጄ 58 ቆጠረች። በማግስቱ ጋሼ በቆጣሪው ፊት ላይ የተጻፈውን 1,000 የሚል ቁጥር አሳዩዋት፤ ቀይዋ መብራት 1,000 ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ባለ 1,000 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ኃይል፣ ተቆጠረ ማለት ነው። ቁጥሩ በቆጣሪው ዓይነት ይለያያል፤ ሳህን የሚሽከረከርባቸው የድሮዎቹ ቆጣሪዎች ደግሞ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ዙር እንደሚዞሩ ተጽፎባቸዋል። ልጄ 58ን በ60 አባዝታ በሰዓት 3,480 ብልጭታ፣ ማለትም ወደ ሦስት ኪሎዋት ተኩል የሚጠጋ አገኘች። ከዚያም የምጣዱን መለያ ጽሑፍ አንብባ 3,500 ዋት የሚለውን ስታይ የጮኸችውን ጩኸት አልረሳውም፤ ማንም ሳይነግራት፣ ምንም ሳትከፍት፣ በመቁጠር ብቻ ደርሳበታለችና።

የዚያኑ ዕለት ማታ እኔ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ነቅዬ፣ የቀረውን ሁሉ አጥፍቼ፣ አንዲት ባለ 9 ዋት አምፖል ብቻ ትተን ቆጣሪው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ቀይዋ አንድ ጊዜ ብልጭ አለች፤ ሰዓት መያዝ ጀመርን። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ ሦስት ደቂቃ አለፈ፤ ልጄ ዓይኗን እንዳታርገበግብ እየታገለች ትጠብቃለች። ሁለተኛዋ ብልጭታ የመጣችው ከስድስት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነበር። ምጣዱን ለአንድ ሰዓት የሚያግለው ኃይል ያቺን አምፖል ከ388 ሰዓት በላይ እንደሚያበራት፣ በምሽት አምስት ሰዓት ብናበራት ደግሞ ከ77 ምሽቶች በላይ እንደሚበቃን ያወቀችው እዚያው በርጩማዋ ላይ ሆና በማካፈል ነው። አምፖል ማጥፋት ሊጡን አጠራቅሞ በአንድ ግለት ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ራሱ መንገድ አወጣ። ኃይሉ ከየት ይመጣል? ለጅማ ልጅ መልሱ ቅርብ ነው። ግልገል ጊቤ አንድ በዞናችን ውስጥ ይገኛል፤ 184 ሜጋዋት፣ ማለትም 184 ሚሊዮን ዋት፣ የማመንጨት አቅም አለው። ልጄ ይህንን በምጣድ አስልታ በአንድ ጊዜ ከ52,000 በላይ ምጣድ ያግላል የሚል ውጤት ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ከሁሉ የገረማት ግን ያው ውሃ እንደገና መሥራቱ ነው፤ ከመጀመሪያው ጣቢያ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተጉዞ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርድ 420 ሜጋዋት አቅም ያለውን ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል።

በዚያው ጊዜ በእንግሊዝ አገር የውሃና የኃይል አቅራቢ ድርጅቶች ቤት ለዋሉ ልጆች መልመጃዎችን አዘጋጅተው በኢንተርኔት አሰራጭተዋል። የእኛ አገር አገልግሎት ሰጪዎች ለዚህ ከእነርሱ የተሻለ እንጂ ያነሰ ዕድል የላቸውም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ኢንተርኔት ባልደረሰበት ብዙ ቤት እንኳ ቆጣሪ አለ፣ ቆጣሪ ባለበትም ሰው ይደርሳል። የመማሪያ መሣሪያው በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሳለ የጎደለው ጥያቄው ብቻ ነው። በወርኃዊው የክፍያ ወረቀት ጀርባ አንዲት ጥያቄ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢታተም፣ መልሷም በሚቀጥለው ወር ወረቀት ላይ ብትወጣ፣ የሚጠይቀው ወጪ ቀለም ብቻ ነው። የውሃ አገልግሎቱም እንዲሁ ማድረግ ይችላል፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ መለካት ለሦስተኛ ክፍል ልጅ ተስማሚ ሒሳብ ነው። ይህን ለመጀመር ደግሞ ሌላ ወረርሽኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጆች በየክረምቱ ቤት ይውላሉ።

ደብተሩ አሁን ወደ ታናሽ ወንድሟ ተላልፏል። ባለፈው ሳምንት ቆጣሪው ሥር ቆይቶ መጣና «ማንም ምንም ሳይነካ ቀይዋ በድንገት ፈጠነች፤ ከዚያ ደግሞ ዘገየች» አለኝ። ማቀዝቀዣው ሲነሣና ሲያርፍ እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ፤ ነገር ግን አልነገርኩትም። ጋሼ ለእህቱ እንዳደረጉት «ዛሬ ማታ ጆሮህን ከፍተህ ቁጠር» ብዬ እርሳስ ሰጠሁት።