የሐኪሞችን ሰዓት ስቆጥር፦ ፕሮግራሙን ትቼ ርክክቡን ያመንኩት ለምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል በጥራት ክፍል ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ለዓመታት በማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበርኩ። አሁን ዋናው ሥራዬ ሐኪሞቻችን ስንት ሰዓት እንደሠሩና ስንት ሰዓት እንዳረፉ መከታተል ነው። ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ይጠቅማል ብዬ እንዴት እንደሄድኩበት ልንገራችሁ።

ከሕጉ ልጀምር። የግል ተቋም ስለሆንን የሚገዛን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ደግሞ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በየ7 ቀኑ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ሆስፒታል እሑድ ብሎ ስለማይዘጋ ዕረፍቱ ወደ ሌላ ቀን ሊዞር ይችላል። መቅረት ግን አይችልም።

እነዚህን ቁጥሮች ከለመድነው የዲዩቲ (የተረኝነት) ፕሮግራም ጎን ስታስቀምጧቸው ነገሩ ወዲያው ይታያል። 8 መደበኛና 4 ትርፍ ሲደመር 12 ነው። የ24 ሰዓት ዲዩቲ ቀሪው 12 ሰዓት የት ይገባል?

ሁልጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዲዩቲ ላይ ይተኛሉ እኮ» የሚል ነው። ይህ ክርክር በሌላ አገር ፍርድ ቤት ደርሷል። በጀርመን ኪል ከተማ የሚሠራ አንድ ሐኪም ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ተሰጥቶት የሚያድርበት ሰዓት ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረደለት። ሆስፒታል ውስጥ እንዲገኝ እስከታዘዘ ድረስ ቢተኛም ሥራ ላይ ነው ተባለ። ያ ፍርድ እኛን አይገዛንም። ምክንያቱ ግን ለእኛም ልክ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ከሰቃ ወይም ከአጋሮ መንገድ በሌሊት መጥታ በሩ ሲንኳኳ ዘሎ የሚነሳ ሰው «አርፎ አደረ» አይባልም። እኔም እዚያ ክፍል ውስጥ ብዙ ሌሊት ስላሳለፍኩ ይህን የማምነው ከልቤ ነው።

ድካሙም የሚለካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሞ በወጣ ጥናት 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ብቃቱ፣ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ በረጅም ዲዩቲ የሚሠሩ ኢንተርኖች (ተለማማጅ ሐኪሞች) ሰዓታቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት እንደሠሩ አሳይቷል። አንዳንዱ «አሜሪካ ውስጥ እስከ 80 ሰዓት ይሠራሉ» ይላል። እውነት ነው፤ ሬዚደንቶች (ስፔሻላይዝ እያደረጉ ያሉ ሐኪሞች) ላይ የተቀመጠው ጣሪያ የ4 ሳምንት አማካይ 80 ሰዓት ነው። የእኛ አዋጅ ግን ከነትርፍ ሰዓቱ 60 ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ሥራው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፕሮግራም የታሰበውን እንጂ የተሠራውን አይነግራችሁም። ሐኪሞች ይቀያየራሉ። አንዱ ሠርግ አለበት፣ ሌላው ለቅሶ ይደርሳል። በረመዳን ሙስሊም ባልደረቦቻችን ማፍጠሪያ ላይ ቤታቸው እንዲሆኑ ክርስቲያኖቹ ይሸፍናሉ፤ ለገናና ለፋሲካ ደግሞ ውለታው ይመለሳል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ስለዚህ መነሻዬ የርክክብ መዝገብ ሆነ። አንድ ሐኪም ዲዩቲ የሚጨርሰው ሰዓቱ ሲሞላ ሳይሆን በሽተኞቹን ለተተኪው አስረክቦ ሁለቱም ሲፈርሙ ነው። አንድ ቀን መዝገቡ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ የማዋለጃው ሐኪም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይወጣል ይላል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ አንዲት እናት ለኦፕሬሽን ገባች። ከዚያ ደም ፈሰሳት። የርክክቡ ፊርማ ያረፈው 5 ሰዓት ላይ ነው፤ እጁ እንደደከመ ከፊርማው ያስታውቃል። በፕሮግራሙ ብቻ ብንሄድ ያ ሦስት ሰዓት አልተሠራም። ይኸው ሐኪም የዚያኑ ዕለት ማታ እንደገና መግባቱም ምንም ችግር የሌለበት ይመስል ነበር። በመዝገቡ ግን የቀረው ዕረፍት ከ11 ሰዓት ያነሰ ነው። 11 ሰዓቱን የወሰድነው ከአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ ነው፤ በሁለት ፈረቃ መካከል የምንጠብቀው የውስጥ ደንባችን አድርገነዋል። ለዚያ ምሽት ሌላ ሰው ተተካ።

ከዚያ ኤክሴል ላይ ማስገባት መጣ። እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ፈተና ነው። መዝገቡ ላይ «2:00» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ጠዋት ይሁን ማታ አይታወቅም። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ቀን የሚቀይረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሰዓቱ አጠገብ ቀ ወይም ማ የሚል ፊደል ይጻፋል። የሌሊት ዲዩቲ ደግሞ «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ» በሚል በአንድ መስመር ይመዘገባል። የመውጫው ሰዓት ከመግቢያው ካነሰ ቀመሩ 24 ይጨምራል።

ሌላው፣ ሳምንትን ከሰኞ እስከ እሑድ ብላችሁ አትቁጠሩ። ቅዳሜና እሑድ ዲዩቲ የነበረ ሰው ሰኞና ማክሰኞም ቢገባ ሁለቱም ሳምንታት ለየብቻ ሕጋዊ ይመስላሉ። ሰውዬው ግን ወድቋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዕለት ወደኋላ ያሉትን 7 ቀናት የሚደምር ቀመር ሠራሁ። አማካዩን ደግሞ በወር ሳይሆን በ28 ቀን ነው የማወጣው። እንዲህ ሲሆን ጳጉሜን አታስቸግርም።

ከሁሉ የከበደው ግን ገንዘቡ ነው። አንድ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም ቢሮዬ ገብቶ «ሲስተር፣ ሰዓቴን ስትቀንሺ የቤት ኪራዬን እየቀነስሽ ነው» አለኝ። ልክ ነበር። ዲዩቲ የሚወጣው ስለሚከፈልበት ነው። ይህን ሳይነኩ ሰዓት መቀነስ ሰውን ወደ ውሸት መግፋት ነው። ስለዚህ ፋይናንስ ጋ ሄደን የትርፍ ሰዓት ስሌቱን ከአዋጁ ጋር አስተያየን። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። ከፕሮግራሙ መውጫ በኋላ እስከ ርክክቡ ፊርማ የሚቆየው ሰዓትም መከፈል ጀመረ። ያ የሦስት ሰዓት ፊርማ ገንዘብ ሆኖ ሲመለስ ሐኪሞቹ መዝገቡን ራሳቸው ይጠብቁት ጀመር። ከዚያ በኋላ ማንንም ፈርም ብዬ መለመን አላስፈለገኝም።

ድንገተኛ ክፍልንና ማዋለጃን ወደ 12 ሰዓት ፈረቃ አዞርናቸው። ርክክቡ ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ ያንንም ቆጥረንበታል። ባትቆጥሩት ከየሰዉ ዕረፍት ላይ የሚሰረቅ ግማሽ ሰዓት ነው።

ሁለተኛ ሥራ የሚሠሩም አሉ። ቀን ሌላ ቦታ ውለው ማታ እኛ ጋ ይገባሉ። ይህን ለማጋለጥ መሞከር ከንቱ ነው፤ ሰው ይደብቃል፣ መዝገቡም ይበላሻል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከየት መጣህ አልልህም፤ መጨረሻ የተኛኸው መቼ ነው?» የተኛበት ሰዓት መግቢያው ላይ ይጻፋል። ካልተኛ ቀለል ወዳለ ቦታ ይዛወራል ወይም ለሁለት ሰዓት አረፍ ይላል፤ የሚሸፍነው ሰው አስቀድሞ የታወቀ ነው። በዚህ ምክንያት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሐኪም የለም፤ አስተዳደሩም እንዳይደርሰው በጽሑፍ ተስማምቷል። ያን ወረቀት ሳላስፈርም አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። በዚህ ሥራ ላይ ለሚሰማሩ ሁሉ አጥብቄ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ያልተፈታው የስፔሻሊስቶቹ ጉዳይ ነው። ቀዶ ሐኪም አንድ ብቻ ሲኖር ማን ይተካዋል? ቤቱ ሆኖ ስልክ ሲጠብቅ ስልኩ ከተደወለበት ደቂቃ ጀምሮ ቤቱ እስኪመለስ ያለውን እንቆጥራለን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከተጠራ በማግስቱ የነበረው ቀጠሮ ኦፕሬሽን ወደ ከሰዓት ይገፋል፤ ለቤተሰቡም ምክንያቱን ራሴ እነግራለሁ። አብዛኛው ቤተሰብ «ይተኛ፣ ይተኛ» ነው የሚለው። ሳምንታዊ የ24 ሰዓት ዕረፍቱ ግን አሁንም በስልክ ይቆራረጣል። አሁን የያዝነው በከተማው ካለ ሌላ የግል ሆስፒታል ጋር ሁለቱን ቀዶ ሐኪሞች በየተራ ለማሳረፍ መነጋገር ነው። የስምምነቱ ረቂቅ ተጽፏል፤ የቀረው ሌሊት የሚተካው ሐኪም ክፍያ ከየትኛው ተቋም ይወጣል የሚለው ነው።