ዜማውን የያዘው የትኛው ነው? የጆርጂያ ጉዞ ማስታወሻ

እማዬ ኮንሰርታችንን ባየች ቁጥር አንድ ጥያቄ አላት። «አንቺ ለምን ዜማውን አትዘምሪም?»

ጥያቄዋ ይገባኛል። እኔ አልቶ ነኝ። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት የሶፕራኖዎች ነው፣ እኛ አልቶዎች ከሥር ሆነን እንደግፋለን። እማዬ ደግሞ ያደገችውም፣ እኔንም ያሳደገችኝ፣ ሁሉም ሰው አንድ ዜማ በአንድ ላይ በሚልበት ቤተክርስቲያን ነው። አዲስ አበባ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለን ሃምሳ ልጅ ብንሆንም ድምፃችን አንድ ነበር። የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉ ሦስት ስልቶች አሉት፣ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ አይዘመርም። ስለዚህ ለእሷ ዜማውን የማይዘምር ሰው ወይ አልቻለበትም፣ ወይ ተረስቷል።

ኳየራችን እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ አንድ ቤተክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ እንለማመዳለን። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፣ ነርሶች አሉ፣ አስተማሪዎች አሉ፣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ። በዘፈን እንጀራውን የሚበላ ማንም የለም። የሙዚቃ መሣሪያ አንጠቀምም። አሠልጣኛችን መነሻዋን ድምፅ በትንሽ ፊሽካ ትሰጠናለች፣ ከዚያ በኋላ ያለን ጉሮሯችን ብቻ ነው። ያለ መሣሪያ የዘመረ ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ታዲያ እኛም አለብን። ድምፃችን ይወርዳል። ማንም ሳያውቀው፣ ትንሽ በትንሽ። ዘፈኑ ሲያልቅ አሠልጣኛችን ፊሽካዋን ደግማ ስትነፋ ግማሽ ድምፅ፣ ሲብስም ሙሉ ድምፅ ወርደን እንገኛለን፣ ሁሉም ሰው መሬት መሬት ያያል።

ጆርጂያ እንሂድ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። አትላንታ ያለችበትን ግዛት ማለቴ አይደለም፣ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችውን አገር ነው። እዚያ ገበሬው ማዕድ ላይ በሦስት ድምፅ ይዘምራል፣ ኖታ ሳያይ፣ ከአባቱ ሰምቶ። ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ ካወጃቸው የመጀመሪያዎቹ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ይሄ አዘማመር ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ቮዬጀር የተባሉት መንኮራኩሮች ወደ ህዋ ሲላኩ በያዙት የወርቅ ሸክላ ላይም አንድ የጆርጂያ የኅብረት ዘፈን ተቀርጿል።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ አንድ ዓመት ፈጀብን። ኬክ የሸጠ አለ፣ መኪና ያጠበ አለ፣ እኔ ሳምቡሳ ጠብሼ ሸጫለሁ። ሃያ ሦስት ሰዎች ሆነን በሰኔ ወር ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሳን፣ ኢስታንቡል ላይ አውሮፕላን ቀይረን ትብሊሲ ገባን። ስምንት ሰዓት የጊዜ ልዩነት አለው። የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም እንደ ደነዘዝን አሳለፍነው።

ትብሊሲ የሚለው ስም «ሞቃት» ከሚል ቃል የመጣ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ንጉሥ ቫኽታንግ ጎርጋሳሊ ከተማዋን የቆረቆረው ፍልውሃው ስለማረከው ነው። ይሄን ስሰማ እቴጌ ጣይቱ ትዝ አሉኝ። እኛም ዋና ከተማችን የተቆረቆረው በፍልውሃ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ኮንሰርታችን በሁለተኛው ቀን ማታ ነበር። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ሰው ግን ሞልቷል። አራተኛው ዘፈን ላይ መውረዳችንን ጆሮዬ ነገረኝ። ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምሩት ቤዞች የመጨረሻዋን ኖታ ማግኘት አቅቷቸው አየር ብቻ አወጡ። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ቆመው አጨበጨቡልን። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይሄን ያህል መንገድ መጥተን፣ ጆሮ ባለው ሕዝብ ፊት!

በማግሥቱ አንድ አዛውንት የመዝሙር መምህር ተቀበሉን። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደብተራችንን ማስዘጋት ነበር። ቀጥለው በረድፍ የተደረደሩትን ወንበሮች በክብ አስቀመጡ፣ ፊት ለፊት እንድንተያይ። ከዚያ አንድ ዘፈን ዘምሩ አሉን፣ ዘመርን። በአስተርጓሚያችን በኩል የነገሩንን አልረሳውም። እያንዳንዱ ስንኝ ሲያልቅ ሃያ ሦስታችንም አንድ ላይ እንተነፍሳለን። ሁሉም ሲተነፍስ ድምፁ ይቋረጣል፣ ሲቋረጥ ደግሞ የነበርንበትን የሚጠብቅልን ሰው የለም፣ ስንመለስ ትንሽ ዝቅ ብለን ነው የምንገባው። እሳቸው እንዲህ አሉን፦ «ጎረቤትህ ሲተነፍስ አንተ ያዝለት። አንተ ስትተነፍስ እሱ ይይዝልሃል።»

የታችኛውን ድምፅ እነሱ ባኒ ይሉታል። በምሥራቁ ክፍል፣ በካኼቲ፣ ባኒው አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ ከላይ ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ያንጎራጉራሉ። ባኒው ቃል እንኳን የለውም፣ «ኦ» ብቻ ነው። መምህሩ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሌላ ነገር አላስተማሩንም። «ኦ» ብቻ። ሁለት ሰዓት ሙሉ «ኦ»። ሶፕራኖዎቻችን ቅር አላቸው። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ ዘምሬ አላውቅም።

ምጽኼታ ከትብሊሲ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት አሮጌ ከተማ። እዚያ ያለው የስቬቲጽኾቬሊ ካቴድራል በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ሴቶች ፀጉራቸውን ሳይሸፍኑ አይገቡም፣ ስለዚህ ጓደኞቼ በሩ ላይ ሻሽ ሲፈልጉ እኔ ከቦርሳዬ ነጠላዬን አወጣሁ። ሻማ የሚሸጡት እናት ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት፣ ከየት ነሽ አሉኝ በምልክት። «ኢትዮጵያ» አልኳቸው። ደረታቸውን ነካ አድርገው ሻማውን ያለ ገንዘብ ሰጡኝ። የእነሱና የእኛ ቤተክርስቲያን ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የተለያየ መንገድ ነው የያዘው፣ በቁርባን አንድ አይደለንም። ግን ሁለታችንም ክርስትናን የተቀበልነው በአራተኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ ሁለታችንም የራሳችን ፊደል አለን። ውስጥ ቆሜ ነጠላዬን አጣፍቼ ቅዳሴያቸውን ሰማሁ። መሣሪያ የለም፣ ሦስት ድምፅ ብቻ። አለቀስኩ።

ካኼቲ የወይን አገር ነው። ወይኑን የሚጠምቁት መሬት ውስጥ እስከ አንገቱ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፣ ክቬቭሪ ይሉታል። እዚያ አንድ ገበሬ ቤት ሱፕራ፣ ማለትም ግብዣ፣ ተጋበዝን። ሱፕራ ላይ ታማዳ የሚባል የማዕዱ መሪ አለ። ታማዳው ሳይናገር ማንም ብድግ ብሎ አይጠጣም። ለሰላም ይናገራል፣ ለሞቱት ይናገራል፣ ለእናቶች፣ ለልጆች፣ ለእንግዶች። ንግግር ብዬ የምጠራው ስም ስላጣሁለት ነው እንጂ የለየለት ምርቃት ነው። እሱ በጨረሰ ቁጥር ሁሉም «ጋውማርጆስ» ይላል፣ ልክ እኛ አሜን እንደምንለው። ለአንዳንዱ ምርቃት ወይኑ በቀንድ ነው የሚቀርበው። ዋንጫ! አያቴ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀንድ ዋንጫ አስታወሰኝ።

ከምርቃቱ በኋላ ዘፈን ይከተላል። ሁለት ጎረምሶች ከላይ ጀመሩ፣ ማዕዱ በሙሉ ባኒ ያዘ። ወጥ የምታወጣው ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ባኒ ያዘች። እኔም ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። አሁን አንቺ ያዢ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ወደ ስቫኔቲ ወጣን። መንገዱ አሰልቺ ነው፣ ከትብሊሲ እስከ መስቲያ ከተማ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ ሦስቱ ጓደኞቼ ጠመዝማዛው ላይ ታመሙ። ተራሮቹን ግን ምን ብዬ ልግለጻቸው፣ በሰኔ ነጭ ሆነው ቆመዋል። በየግቢው የድንጋይ ማማ አለ፣ በጥንት ጊዜ ቤተሰብ ከጠላት የሚሸሸግበት። ኡሽጉሊ የተባለችው መንደር 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ከፍታ አይባልም፣ ጓደኞቼ ግን ደረጃ በወጡ ቁጥር ያለከልኩ ነበር።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ቤቦ ይሏቸዋል፣ አያቴ እንደማለት፣ እኛም ቤቦ አልናቸው። ጠዋት ኩብዳሪ ጋገሩልን፣ ውስጡ የተከተፈ ሥጋ ያለበት ቂጣ ነው። ሊጡን ሲያሹ ከአንድ ብልቃጥ ቅመም አውጥተው ሥጋው ላይ ነሰነሱ፣ እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ። የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ሌላም ሌላም አለበት፣ የሸተተኝ ግን አብሽ ነው። የእነሱ አብሽ አበባው ሰማያዊ የሆነ የእኛው አብሽ ዘመድ ነው።

ማታ ማታ ቤቦ አንድ ዘፈን አስተማሩን። የስቫኔቲ ዘፈን ከካኼቲው ይለያል። ሦስቱም ድምፆች አብረው ይሄዳሉ፣ ሁለቱ የላይኞቹ ጎን ለጎን ይቀመጡና ይፋጫሉ። ፒያኖ ላይ የሌሉ ድምፆች ናቸው፣ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ፣ የማሲንቆ ተጫዋች ጣት የሚያገኛቸው ዓይነት። የመጀመሪያው ቀን ጆሮን ይቆረቁራል። በሦስተኛው ቀን ግን ሦስቱ ድምፆች ሲገጥሙ ክፍሉ ውስጥ ማንም ያልዘመረው አራተኛ ድምፅ ይሰማል፣ የጥርሴን ሥር ሲነዝረኝ ይታወቀኛል።

አንዱ ቴነራችን «አገርሽ እንዲህ ያለ ነገር አለ?» አለኝ። የለም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ወዲያው ዶርዜዎች ትዝ አሉኝ። ልጅ ሆኜ ለመስቀል ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሸማኔዎቹ ሲዘፍኑ እሰማ ነበር፣ አንዱ ከላይ ይጣራል፣ ሌላው በራሱ መንገድ ይመልሳል፣ የቀሩት ከሥር ይይዛሉ። ያኔ ጭፈራ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ከገዛ አገሬ ያልሰማሁትን ካውካሰስ ድረስ ሄጄ ሰማሁት፣ ይሄ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ለቤቦ የእማዬን ጥያቄ አቀረብኩላቸው። «ዜማውን የያዘው የትኛው ነው?» አስተርጓሚዋ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስረዳቻቸው። ቤቦ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ ሦስት ጣታቸውን አንድ ላይ ገጥመው አሳዩኝ፣ ከዚያ አንዱን አጠፉት። የቀሩትን ሁለቱን እያዩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

ቤት ስመለስ ለእማዬ የዚያን ቅመም አንድ ብልቃጥ ይዤላት መጣሁ። ከፍታ አሸተተችው። «አብሽ አለበት» አለች ወዲያው። ቀረጻውን በስልኬ አሰማኋት። እስከ መጨረሻው ፀጥ ብላ አዳመጠችና «ዜማውን የያዘው የትኛው ነው?» አለች። ሳቅሁ እንጂ ምን እላለሁ።

በመስከረም ልምምድ ተጀመረ። ምድር ቤቱ ያው ነው፣ ያው የቡና ሽታ፣ ያው የሚንጫጫ ማሞቂያ። ወንበሮቹ ግን በክብ ናቸው አሁን። አሠልጣኛችን አዲስ ዘፈን በኖታ ከመስጠቷ በፊት በጆሮ ታስተምረናለች፣ ይሄ ለአንዳንዱ ሰው አልተዋጠለትም፣ ሁለት ሰዎችም ኳየሩን ትተው ሄደዋል። አሳዝኖኛል። ድምፃችንም አሁንም ይወርዳል፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ባለፈው ወር አንዱን ረጅም ዘፈን ጨርሰን ፊሽካዋ ስትነፋ ልክ የተነሳንበት ላይ ነበርን። ፖስተኛው ተነስቶ ጨፈረ።

ያለፈው ማክሰኞ እህቴ የሌሊት ተረኛ ስለነበረች እማዬን ይዣት ሄድኩ። ጥግ ላይ ላስቀምጣት ስል አሠልጣኛችን ወንበር ስባ ክቡ ውስጥ አስገባቻት። እማዬ እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም፣ ኖታ አታውቅም። ባኒ ግን ቃል የለውም። መጀመሪያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ሦስተኛው ዙር ላይ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከወዲያ ማዶ ስለነበርኩ ድምፅዋን ለይቼ አልሰማሁትም።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት ስለ ዜማው ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ያቺ አጠገቤ የነበረችው» አለች፣ «ትንፋሿ ቶሎ ያልቃል። ስታቋርጥ እኔ ነኝ የያዝኩላት።»