የተሰየመችለት ሰው ያላያት ደሴት

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ካርታ ላይ ማፍጠጥ ጀምሬያለሁ፣ እና ከሳይቤሪያ ጠረፍ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ገባ ብላ ውራንጌል የምትባል ደሴት አለች፣ ካየኋት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ስፋቷ 7,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሟ ራሱ ያስቃል፤ ፈርዲናንድ ውራንጌል የሚባል የሩሲያ የባህር ኃይል መኮንን በ1820ዎቹ ፈልጎ ፈልጎ አጥቷት ተመለሰ፣ ከዛ በፈረንጆቹ 1867 ቶማስ ሎንግ የሚባል አሜሪካዊ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ሲያልፍ አያትና በዛ ባላገኛት ሰውዬ ስም ጠራት።

ማሞዝ፣ ያ ጸጉራሙ ዝሆን፣ በምድር ላይ መጨረሻ የኖረው እዚህ ነው፣ እስከ ዛሬ 4,000 ዓመት ገደማ ድረስ። ባህሩ ከፍ ብሎ ደሴቷን ከዋናው መሬት ሲቆርጣት እነሱም እዛው ቀሩ፣ በግብፅ የጊዛ ፒራሚድ ሲሰራ ማሞዞቹ እዛ ሳር እየጋጡ ነበር ማለት ነው እኮ!

እኔን የያዘችኝ ግን ኤዳ ብላክጃክ ናት። ኢኑፒያት ከሚባለው የአላስካ ነባር ሕዝብ ናት፣ ልጇ ቲቢ ታሞባት ማሳከሚያ ስላጣች በ1921 በወር 50 ዶላር ተቀጥራ ከአራት ወጣት ወንዶች ጋር ወደዚች ደሴት ሄደች፣ ስራዋ የጸጉር ልብስ መስፋትና ምግብ ማብሰል። የላካቸው ስቴፋንሰን የሚባል አሳሽ ነው፣ አርክቲክ (የሰሜን ዋልታ አካባቢ) ውስጥ ማደን የሚችል ሰው ምግብ አያጣም ብሎ የሚያምን (ራሱ ግን አብሮ አልሄደም)። የያዙት ስንቅ የስድስት ወር ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ስንቅ ይዛ የተነሳችው መርከብ በረዶው አላሳልፍ ብሏት ተመለሰች። ጥር 1923 ላይ ሶስቱ እርዳታ እናምጣ ብለው በበረዶው ላይ ወደ ሳይቤሪያ ተነሱ፣ እስከ ዛሬ አድራሻቸው የለም። አራተኛው ስከርቪ (የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ) ይዞት ተኝቶ ነበር፣ እሷ ስታስታምመው ከርማ ሰኔ ላይ ሞተባት።

ነጭ ድብ በጣም ነበር የምትፈራው፣ ደሴቷ ደግሞ ነጭ ድቦች በብዛት የሚወልዱባት ናት። ማደን አታውቅም ነበር፣ ወጥመድ መዘርጋትና መተኮስ እዛው ራሷን አስተማረች። ነሐሴ ላይ መርከብ ሲደርስላት በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ከዛ ልጇን ሲያትል ወስዳ አሳከመችው።

ይዘዋት የሄዱት ድመትም ተርፋለች።